ዶቭ ኮቴጅ፣ ግራስሚር፦ ለገጣሚው ብላችሁ ሂዱ፣ እህቱን ታገኛላችሁ

የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የዊሊያም ዎርድስዎርዝን የዳፎዲል (የቢጫው አበባ) ግጥም ተማሪ ቤት ሸምድዳችሁ፣ ዛሬ ኑሯችሁ እንግሊዝ ከሆነ፣ በሰሜን ምዕራብ ወዳለው የሐይቆች አገር፣ ወደ ሌክ ዲስትሪክት፣ ወጣ በሉና ግራስሚር መንደር ያለውን ዶቭ ኮቴጅን እዩት። ገጣሚው እ.ኤ.አ. ከ1799 እስከ 1808 የኖረበት ቤት ነው። ቀድሞ መጠጥ ቤት ነበር፤ ምድር ቤቱ ስትገቡ ያስታውቃል። ወለሉ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጠቆር ባለ እንጨት የተለበጠ፣ በቀንም ደብዘዝ ያለ ነው።

እኔ ብዙ የቆምኩት ፎቅ ላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እህቱ ዶሮቲ ብርድ እንዳይገባ ብላ ግድግዳዋን በጋዜጣ ለጥፋው ነበር፤ አሁንም ጋዜጣ እንደለበሰች ናት። አገር ቤት የግድግዳ ጋዜጣ እያነበበ ያደገ ሰው እዚያ ገብቶ ፈገግ ሳይል አይወጣም።

ግጥሙ ብቻዬን ስንከራተት ብሎ ይጀምር የለ? ውሸቱን ነው! ኤፕሪል 15 ቀን 1802 በኡልስዋተር ሐይቅ ዳር ሲሄዱ ዶሮቲ አብራው ነበረች። በማስታወሻዋም ያንን ቀን ጽፋዋለች፦ ከአበቦቹ አንዳንዶቹ ደክሟቸው ድንጋይ ተንተርሰዋል፤ የቀሩት እየተወዛወዙ፣ እየጨፈሩ ከነፋሱ ጋር የሚስቁ ይመስላሉ። ግጥሙ የታተመው በ1807 ነው። ስለ ውስጣዊ ዓይን የሚናገሩትን ሁለት ስንኞች ያቀበለችው ሚስቱ ሜሪ ናት፤ ከግጥሙ ምርጦቹ እነሱ ናቸው ያለውም ራሱ ነው። ለእኔ ግን ያ ድንጋይ የተንተራሰ አበባ ይበልጥብኛል። በግጥሙ ውስጥ ሁሉም ይጨፍራል፣ የሚደክመው የለም። እንዴት አስችሎት እንደተወው እንጃ!

ለቤቱ አምስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ለአበባው ብላችሁ የምትሄዱ ግን ልብ በሉ፣ ቦታው ግራስሚር አይደለም። የከርክስቶንን ዳገት ተሻግራችሁ ኡልስዋተር ዳር ግሌንኮይን የሚባለው ዘንድ መውረድ አለባችሁ፤ ጊዜው ማርች መጨረሻና ኤፕሪል ነው። ሱፐርማርኬት በእቅፍ የሚሸጠውን ትልልቁን ዳፎዲል አትጠብቁ። የዱሩ አጠር ያለ ነው፤ የአበባው ቅጠሎች ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ መሐሉ ላይ ያለው መለከት ደመቅ ያለ። ከአደይ አበባ ጋር ይመሳሰላል ወይ ለምትሉኝ፣ በቢጫነቱ ብቻ።

መኪና የሌለው ከዊንደርሚር ባቡር ጣቢያ 555 አውቶቡስን ይዞ ግራስሚር ይወርዳል። ለግሌንኮይን ግን መኪና ያለው ጓደኛ ከወዲሁ አባብሉ።