በአሸዋ የተጋገረ ዳቦ ለገጣፎ ላይ፦ ስለ አንድ የቱዋሬግ ሻይ ቤት

አባቴ የጨው ነጋዴ ነበር። ከሰቆጣ በቅሎና አህያ እየነዳ መቀሌ ይሻገራል፤ ከአፋር በረሃ በግመል የወጣውን አሞሌ ገዝቶ ይመለሳል። ካረፈ 19 ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሲራራ ንግድ እንደ እሱ አጣፍጦ የሚያወራ ሰው አልገጠመኝም ነበር። ባለፈው ጥር ግን ለገጣፎ ላይ፣ ከኒጀር የመጣ ሰው በከፈተው ሻይ ቤት ውስጥ ገጠመኝ። እስካሁን ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ። ቤቱን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ ልጻፍለት ብዬ ነው።

ሰሌዳ የለውም። ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገብታችሁ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ታያላችሁ። ባጃጆቹ «የአረቡ ቤት» ሲባሉ ያውቁታል፤ ሰውየው ግን አረብ አይደለም፣ ከሰሃራ በረሃ ሕዝቦች አንዱ የሆነው ቱዋሬግ ነው። ሚስቱ የደሴ ልጅ ናት፤ ገንዘቡንም እንግዳውንም የምታስተናግደው እሷ ናት። «እትዬ፣ ከጥላው ይቀመጡ» ብላ ምንጣፍ ላይ ትራስ ታመቻችላችኋለች። ጉልበቱን ለሚያመው ዱካ አለ።

የምትሄዱት ለታጌላ ነው። ታጌላ ያለ እርሾ የሚቦካ የስንዴ ዳቦ ሲሆን የሚጋገረው አሸዋ ውስጥ ነው። ጓሮው ላይ በእንጨት የታጠረ፣ በወንፊት የተነፋና የታጠበ አሸዋ አለ። መጀመሪያ እሳት ያነድበታል። ፍሙን ገለል አድርጎ ሊጡን በጋለው አሸዋ ላይ ይዘረጋል፤ መልሶ በአሸዋና በፍም ይቀብረዋል። መሐል ላይ አውጥቶ ያገላብጠዋል። ሲበስል በእንጨት መታ መታ አድርጎ ያራግፈዋል፣ በውሃ ያብሰዋል፣ ከዚያ በእጁ ቆራርሶ የፍየል ሥጋ መረቅ ያፈስበታል። ጥርስ ውስጥ አሸዋ ይገባል ብላችሁ አትስጉ፤ በስድስቱም ጊዜ አንዲት ፍሬ አላገኘሁም። ዳቦው መረቁን ጠጥቶም መሐሉ አይላሽቅም፣ ዳር ዳሩ የጭስ ጠረን አለው። መጀመሪያ ስቀምሰው ትዝ ያለኝ ብርኩታ ነው፤ የጋለ ድንጋይ በሊጥ ጠቅልለው የሚጋግሩት የጨው መንገደኞች ስንቅ። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ የተረፈውን ደረቅ ብርኩታ ከስልቻው አውጥቶ ያካፍለን ነበር። ምጣድ ተሸክሞ በረሃ የሚሻገር ሰው የለም፤ ሁለቱም አገር ዳቦውን በመሬት የጋገረው ለዚያ ነው።

ሰውየው የተወለደባት መንደር ቲሚያ ትባላለች። አጋዴዝ ከምትባለው የኒጀር ከተማ በስተሰሜን፣ በአይር ተራሮች መሐል ያለች ምንጭ ያላት መንደር ናት። ሕዝቡ ኬል ኤዌይ ከሚባሉት ቱዋሬጎች ነው። እኔ በረሃ ሲባል አሸዋ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሱ የሚያወራው ስለ ብርቱካን፣ ስለ ሮማን፣ ስለ ተምርና ስለ ሽንኩርት ነው። ውሃው ከጉድጓድ የሚወጣው በከብት ነበር፦ በሬው ወይም ግመሉ ገመዱን እየጎተተ ይሄዳል፣ የቆዳው አቁማዳ ሞልቶ በእንጨት መዘውር ላይ ይወጣል፣ ውሃው በቦይ ወደ መደብ ይወርዳል። ልጅ ሆኖ ሥራው ከብቱን ማመላለስ ነበር። መዘውሩ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሲንቋቋ የመንደሩ ሰው በዚያ ድምፅ ይነቃ እንደነበር ነገረኝ። አሁን አብዛኛው በሞተር ነው።

የአትክልቱ ሥራ ግን የመንደሩ ግማሽ ኑሮ ነው፤ ሌላው ግማሽ ጨው ነበር። ይሄን ሲያወራ ነው ሻዬ የቀዘቀዘው። የአይር ነጋዴዎች መኸር ላይ ሣር ያጭዳሉ፤ ቴኔሬ በሚባለው ሜዳ ላይ ግመል የሚነጨው ነገር ስለሌለ የግመሉ ቀለብ በግመሉ ላይ ይጫናል። ፋሺና ቢልማ ከሚባሉት የበረሃ ጨው ማምረቻዎች ደርሰው እህልና ሌላ ሸቀጥ በጨውና በተምር ይለውጣሉ። ከዚያ ተመልሰው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐውሳዎቹ አገር፣ እስከ ዚንደርና ካኖ ይወርዳሉ፤ ጨውና ተምሩን ሸጠው እህል ይዘው ዝናቡ ሳይገባ ወደ ተራራቸው ይመለሳሉ። አንድ ዙር ወራት ይፈጃል። ወንዱ በሌለበት ፍየሉን የምትጠብቀው፣ ቤቱን የምትመራው ሴቷ ናት። ድንኳኑም የእሷ ነው፤ ሲጋቡ ይዛው ትመጣለች፣ ቢፋቱም ይዛው ትሄዳለች።

በዚያ መንገድ ላይ ለዘመናት ብቻዋን የቆመች አንዲት ግራር ነበረች። መንገደኛው ሁሉ ምልክቱ አድርጓት፣ የቸገረው እንኳ ለማገዶ ሳይቆርጣት ኖራለች። በ1973 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አንድ የጭነት መኪና ገጭቶ ጣላት። ግንዷ በኒጀር ዋና ከተማ በኒያሜ ሙዚየም ውስጥ ነው፣ በቦታዋ የብረት ምሰሶ ተተክሏል። ሰውየው ይሄን የሚናገረው ዘመድ እንደሞተበት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ዓመቱ ራሱ የክፉ ቀን ነበር፤ ለዓመታት የዘለቀው ድርቅ ከሰሃራ በስተደቡብ ያለውን ሣህልን ሲፈጅ ስንቱ ግመሉንም ፍየሉንም አጥቷል። እኛም በዚያው ዓመት ወሎ ላይ ምን እንዳየን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሚስቱ ይሄን ስትሰማ ሥራዋን ትታ ትቀመጣለች፤ የእሷ ቤተሰብም ከዚያ የተረፈ ነው። ሁለተኛው ድርቅም በፈረንጆቹ 1984 መጣ፤ ለእነሱም ለእኛም። ግመል ያለቀበት ሰው ወደ አትክልቱ ዞረ፣ ሌላው ከፈረንጆቹ 1971 ጀምሮ ዩራኒየም ወደሚወጣበት ወደ አርሊት ለቅጥር ሄደ። የአባቴንም ሥራ ያስቀረው መኪና ነው። ሆኖም ቢልማ ጨው አሁንም ይመረታል፣ ዳሎልም አሞሌ አሁንም ይቆረጣል።

ሻዩ ሦስት ዙር ነው። አረንጓዴ የቻይና ሻይ በትንሽ በራድ ከሰል ላይ ይፈላል፣ ከፍ ተደርጎ እየተቀዳ፣ እየተመለሰ አረፋ እስኪይዝ ይደበላለቃል። የመጀመሪያው ይመራል፤ በዚያው ቅጠል ላይ ውሃና ስኳር እየተጨመረ ሁለተኛው ይለዝባል፣ ሦስተኛው ይጣፍጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በረካ ሳይጠጡ መነሣት ነውር እንደሆነው ሁሉ እዚያም ሦስተኛውን ሳይጠብቁ መነሣት ባለቤቱን ያስከፋል። ስለዚህ ሰዓት የሚያሯሩጣችሁ ቀን አትሂዱ።

መግቢያው ላይ ባለ መስታወት መደርደሪያ አለ፤ የብር ጌጦች ይሸጥበታል። ሰው ሁሉ «የክርስቲያን መስቀል ነው?» እያለ ይጠይቀዋል። ቱዋሬጎች ሙስሊሞች ናቸው፤ ቅርጹ የአገራቸው ነው፣ ከተማ ከተማውም የየራሱ ቅርጽ አለው፦ የአጋዴዝ፣ የኢፈሩዋን፣ የኢንጋል፣ የቢልማ። አንጥረኞቹ ኢናደን ይባላሉ። ቅርጹን መጀመሪያ በሰም ይሠራሉ፣ በጭቃ ይመርጉታል፣ ጭቃው እሳት ላይ ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በቦታው ብሩ ይፈስሳል። እኛ ሰምና ወርቅ የምንለው ከዚሁ ጥበብ የመጣ ነው፤ ቅኔውን ስናደንቅ አንጥረኛውን ግን ባለ እጅ፣ ቡዳ እያልን አገለልነው። ኢናደንም አገራቸው ላይ ይፈለጋሉም ይፈራሉም። ይሄን ስሰማ አዘንኩ፤ አሁንም አዝናለሁ። ለልጄ የኢፈሩዋኑን ገዛሁላት። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ በእጅ የተሠራ መሆኑን ግን ጠርዙን በጣታችሁ ስትዳስሱ ታውቁታላችሁ።

የማልወደውን ልናገር። ታጌላ ቢያንስ 3 ሰዓት ቀድሞ ደውሎ ማዘዝ ይጠይቃል፤ ይሄን ለሚመጣው ሁሉ በግልጽ አይነግሩም፣ ሁለት ቤተሰብ ተርቦ ሲመለስ አይቻለሁ። መጸዳጃው ንጹሕ ቢሆንም ውሃ በጠፋ ቀን በጀሪካን ነው። ክረምት ላይ መግቢያው ጭቃ ስለሆነ ቦቲ አድርጉ። ተምርና የፍየል አይብ ከተወቀጠ እህል ጋር ተበጥብጦ የሚጠጣውን ኤጋጂራን እኔ አልወደድኩትም፤ ከበደኝ። ልጄ ግን ሁለት ዋንጫ ጠጣች። ታጌላ ለሁለት ሰው 900 ብር፣ ሻይ ሦስቱም ዙር 120 ብር ነው። ሰኞ ዝግ ነው።

አንድ ቅዳሜ የሚስቱ እናት ከደሴ መጥተው ነበር። ሌላ ጊዜ አንገቱ ላይ የሚጥለውን ሰማያዊ ጥምጥም ያን ቀን እስከ አፍንጫው ስቦ አፉን ሸፈነ፤ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ብርጭቆውን በጨርቁ ሥር አስገብቶ ነው። በእነሱ ዘንድ አማት ፊት አፍ አይታይም። እናትየዋ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ሚስቱ ስታስረዳቸው «ተባረክ ልጄ» ብለው ጉልበታቸውን ሊስም ያጎነበሰውን ሰው ቀና አደረጉት።

ባለፈው ሳምንት የሄድኩት ከአባቴ የቀረችኝን ግማሽ አሞሌ በነጠላ ጠቅልዬ ነው። ገልብጦ አያት፣ የመጥረቢያውን ምልክት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ቢልማ ላይ ሁለት ዓይነት እንዳለ፣ በዘንባባ ግንድ ቅርጽ የሚወጣው ረጅሙ ለከብት፣ የላመው ለሰው እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ከጠርዟ ፈልፍሎ ምላሱ ላይ አደረገና «እናቴ፣ ይሄ የሰው ነው» አለኝ። ፍቅፋቂውን ለሚስቱ ሰጣት፤ ወቅጣ የዚያን ቀን መረቅ ውስጥ ጨመረችው። የቀረችው አሞሌ አሁን መስታወቱ ውስጥ፣ ከመስቀሎቹ ጎን ተቀምጣለች። ዋጋ አልተለጠፈባትም።