መዋጥ ሲያቅት የቱን ልግዛ? የጉሮሮ መድኃኒቶች ግምገማ

ሥራዬ ማስተማር ነው፤ ቀኑን ሙሉ አወራለሁ። ጉሮሮዬ ሲታመም ሥራዬም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ከረሜላውንም፣ ስፕሬዩንም፣ የሚዋጠውንም፣ የሚጉመጠመጡበትንም በተለያየ ጊዜ ሞክሬያቸዋለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣውን ደቃቅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀትም ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ይህ ግምገማ ከዚያ የመጣ ነው።

መለኪያዬ አንድ ብቻ ነው፦ ከወሰድኩት በኋላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳልሳቀቅ መጠጣት ቻልኩ ወይ? ጣዕሙና ማሸጊያው አያሳስበኝም። ጉሮሮው የታመመ ሰው ትልቁ ችግሩ መዋጥ መፍራቱ ነው። ስለሚፈራ አይጠጣም፤ ስለማይጠጣ ጉሮሮው ይደርቃል፤ የደረቀ ጉሮሮ ደግሞ የባሰ ያማል። ምንም ባንበላ እንኳ ምራቃችንን በቀን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ እንውጣለን። የጉሮሮ ጡንቻ በዋጥን ቁጥር ያንን ያበጠ ሥጋ ይጨምቀዋል። ይህን አዙሪት የሚሰብር ነገር ጥሩ ዕቃ ነው፤ የማይሰብር ግን ከረሜላ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ይህን እወቁ። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ከቫይረስ ነው፦ ከጉንፋን፣ ከኢንፍሉዌንዛ፣ ከኮቪድ። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ገደማ በራሱ ይለቃል። ከዚህ በታች ከምገመግማቸው ውስጥ ቫይረሱን የሚያጠፋ የለም። የምንገዛው እስኪለቅ ድረስ ያለውን እፎይታ ነው፤ እሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው።

ከሚመጠጡት ልጀምር። ፋርማሲ ገብቶ «ለጉሮሮ የሚመጠጥ ስጡኝ» ማለት ቀላል ነው። ችግሩ በዚህ ስም የሚሸጡት ነገሮች ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ስትሬፕሲልስን ብንወስድ፣ የተለመደው ዓይነት ሁለት ፀረ-ጀርም ንጥረ ነገሮች አሉት፤ 1.2 ሚሊግራም ዳይክሎሮቤንዚል አልኮል እና 0.6 ሚሊግራም አሚልሜታክሬሶል። በዚሁ ስም የሚወጣ ሌላ ዓይነት ደግሞ 8.75 ሚሊግራም ፍሉርቢፕሮፌን ይዟል። ይህ የአይቡፕሮፌን ዘመድ የሆነ፣ እብጠትን የሚቀንስ ማስታገሻ ነው። ስማቸው አንድ ሆኖ ሥራቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ ከስሙ በታች በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ።

ሜንቶል ብቻ ያለበት ከረሜላ ጉሮሮን ያቀዘቅዛል፣ ምራቅ ያመነጫል። ለሚከረክር ጉሮሮ ደህና ነው። ስትውጡ እንደ ምላጭ ለሚቆርጥ ሕመም ግን አቅም የለውም። ፀረ-ጀርሙ ትንሽ ይሻላል። እኔ የማስተምርበት ቀን ላይ ጉሮሮዬ ገና «ሊጀምረኝ ነው» ሲል የምይዘው እሱን ነው፤ ከዚያ በላይ አልጠብቅበትም።

የሚያደነዝዙት ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ሊዶካይን ወይም ቤንዞካይን አለባቸው። ቶሎ ይሠራሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ። ምላሴ ጭምር ስለሚደነዝዝ ማስተማር አይመቸኝም፤ ቃላት ይንሸራተቱብኛል። ደግሞ አፋችሁ እንደደነዘዘ ወዲያው ትኩስ ነገር አትጠጡ፤ ሳይታወቃችሁ ትቃጠላላችሁ፣ ትንም ሊላችሁ ይችላል። ቤንዞካይን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። አልፎ አልፎ ደም ኦክሲጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ያደርጋል፤ ይህ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ከሚመጠጡት ሁሉ ለእኔ አንደኛው ፍሉርቢፕሮፌን ያለበት ነው። ወዲያው ተአምር አይሠራም። ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሱት። ከዚያ የሆነ ጊዜ ላይ ምራቃችሁን እንደዋጣችሁ ሳታስተውሉ ታልፋላችሁ፤ ያኔ ሠርቷል ማለት ነው። እፎይታው ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። አንድ ቦታ ላይ አታስቀምጡት፤ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዟዟራችሁ ምጠጡት። አንድ ቦታ ከቆየ ያንኑ ቦታ ያቃጥላል። ወረቀቱ ላይ ያለው መመሪያ ግልጽ ነው፦ በየ3 እስከ 6 ሰዓቱ አንድ፣ በ24 ሰዓት ከአምስት አይበልጥም፣ ከሦስት ቀን በላይም አይወሰድም። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይደለም። የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ሲወስድ አስሙ የሚነሳበት፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ይተዉት። ከረሜላ ስለሚመስል ሰው እንደ ከረሜላ ያየዋል። መድኃኒት ነው።

ስፕሬዩን ባጭሩ ልለፈው። ቤንዚዳሚን ያለበትን ሞክሬዋለሁ። ሕመሙን ያቀላል፣ ትንሽ ያደነዝዛል። ጥሩነቱ መምጠጥ ለሚያስጠላው ሰው ይመቻል። መጥፎነቱ ደግሞ አፍን በደንብ ከፍቶ፣ ትንፋሽን ያዝ አድርጎ፣ ወደ ኋላ ማነጣጠር ይጠይቃል። ምላስ ላይ ከወረደ ገንዘባችሁ ባከነ።

አሁን ወደ ሚዋጠው። በእኔ ሚዛን ከሁሉም የሚበልጠው መደርደሪያው ላይ «ለጉሮሮ» ተብሎ እንኳ ያልተጻፈበት ነው፤ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን። ሰው የጉሮሮ ከረሜላ ደርድሮ እየመጠጠ ማስታገሻ መዋጥ ይረሳል። ጉሮሮ ራሱ ሲያም፣ ጆሮ ድረስ ሲወጋ፣ ትኩሳቱም ሲደመር ከረሜላ ብቻውን አይችለውም። እኔ ፓራሲታሞሉን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ እወስደዋለሁ፤ ምግቡ ሲቀርብ ጉሮሮው ረገብ ብሎ ይጠብቀኛል። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም ሲሆን፣ በአንዱ አወሳሰድና በሚቀጥለው መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ይኖራል፤ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም ክብደቱ በጣም ያነሰ ሰው ከዚህም ያነሰ ነው የሚያስፈልገውና ይጠይቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ለጉንፋን ተብለው በሙቅ ውሃ በሚበጠበጡት ዱቄቶች ነው። አብዛኞቹ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ኪኒኑንም ዱቄቱንም ከወሰዳችሁ ያንኑ መድኃኒት እጥፍ ወሰዳችሁ ማለት ነው።

አይቡፕሮፌን እብጠቱንም ስለሚቀንስ ለመዋጥ ሕመም ብዙ ጊዜ ይበልጥብኛል። ግን በባዶ ሆድ አይሁን። የኩላሊት ወይም የጨጓራ ችግር ያለባችሁ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትንኩት። ፍሉርቢፕሮፌን እየመጠጣችሁም አይቡፕሮፌን አትደርቡ፤ ዘመዳሞች ናቸው ብያለሁ።

ጨው በሞቀ ውሃ ደግሞ አለ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ። ጭንቅላትን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ ውሃው ጉሮሮ ጋ እንዲንተከተክ ማድረግ፣ ከዚያ መትፋት። ከአፍ ፊት በኩል ብቻ ተጉመጥምጦ መትፋት አፍ ማጠብ እንጂ ለጉሮሮ ምንም አያደርግም። እፎይታው አጭር ነው፤ ግን ደጋግሞ ማድረግ አይጎዳም፣ ከሌላ መድኃኒት ጋርም አይጋጭም። በረዶ መምጠጥም እንዲሁ፤ ማታ ላይ ሌላው ሁሉ ሲያቅተኝ ይረዳኛል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አንድ ጊዜ አንድ ፋርማሲ ገብቼ «ስውጥ ያመኛል» አልኩ። ሰውየው ትኩሳት አለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ያስልሃል ወይ አላለኝም። አዚትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በጣም ነው ያናደደኝ። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ያለ ምክንያት ሲወሰድ ተቅማጥና አለርጂ ያመጣል፤ ባክቴሪያውንም መድኃኒቱን ያለማምደዋል። ሳልና ንፍጥ እያለው፣ ድምፁ ተዘግቶ ጉሮሮው የሚያመው ሰው ጉዳዩ የቫይረስ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ይህን ስል ግን «ጉሮሮ ነው፣ ተዉት» ማለቴ አይደለም። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ አለ፤ በተለይ «ቡድን ኤ» የሚባለው። ጉሮሮ ካመማቸው 10 ልጆች እስከ ሦስቱ፣ ከ10 አዋቂዎች ደግሞ አንዱ ያህል ላይ የሚገኘው እሱ ነው። አመጣጡ ድንገተኛ ነው። ትኩሳት አለው፣ ሳል የለውም። ቶንሲሉ ያብጣል፣ ነጭ ነገር ወይም መግል ይይዛል። አገጭ ሥር በአንገት በኩል ያለው ንፍፊት ሲነካ ያማል። ሐኪሞች ከ1981 ጀምሮ ሴንቶር በሚባለው መመዘኛ የሚቆጥሯቸው ምልክቶች እነዚሁ ናቸው። ግን በምልክት ብቻ አይረጋገጥም። ከጉሮሮ በጥጥ ተወስዶ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ካገኛችሁት፣ ከሁሉም ዕቃ በላይ ገንዘባችሁን የሚገባው እሱ ነው።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት የልብ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ያልታከመ የስትሬፕ ጉሮሮ ከሳምንታት በኋላ ሩማቲክ ፊቨር ሊያመጣ ይችላል። መገጣጠሚያ ያሳምማል፤ የልብ በሮችንም (ቫልቮቹን) ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። ደስ የሚለው፣ ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምና ከተጀመረ ይህን መከላከል ይቻላል። ማለትም ለመመርመር ጊዜ አለ፤ በጭፍን አንቲባዮቲክ መዋጥ አያስፈልግም። መድኃኒቱም አሮጌው ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ነው። በአፍ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን፤ ወይም አንድ ጊዜ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሲሻላችሁ አታቋርጡ። ለፔኒሲሊን አለርጂ ካለባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሌላ አማራጭ አለ።

ከረሜላም አንቲባዮቲክም የማይመለከታቸው ምክንያቶችም አሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለአስሟ ስቴሮይድ ያለበት ኢንሄለር ትጠቀማለች። የጉሮሮ ሕመሙ ሲቆይባት አፏ ውስጥ ነጫጭ ነገር ታየ፤ ፈንገስ ነበር። መፍትሔው የፈንገስ መድኃኒትና ከእያንዳንዱ መሳብ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚያማችሁ፣ ቃርም ካለባችሁ፣ ከጨጓራ የሚመለስ አሲድ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ከጉሮሮ ዝቅ ብሎ ደረት ላይ ከሆነና ኪኒን ከዋጣችሁ በኋላ ከጀመረ፣ ኪኒኑ የምግብ ቧንቧውን አቁስሎት ይሆናል። ዶክሲሳይክሊን በዚህ የታወቀ ነው። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውጡት፤ ከዚያ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አትተኙ።

ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ሕመም፣ አንገት ላይ ያለ እብጠት፣ ያልታሰበ መክሳት ወይም የማይለቅ የድምፅ መጎርነን ካለ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ማየት አለበት። አፍ አልከፈት ካለ፣ ሕመሙ በአንድ ጎን ብቻ ከበረታ፣ ድምፅም አፍ ውስጥ ትኩስ ነገር እንደያዘ ሰው ከታፈነ፣ ከቶንሲሉ ጀርባ መግል ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ይህ በዚያው ቀን ሆስፒታል ያስኬዳል።

ልጆች ላይ ያለኝን አስተያየት ለብቻው ላስቀምጥ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚመጠጥ ነገር አትስጡ፤ ሊያንቀው ይችላል። ማር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ክልክል ነው። አስፕሪን ለልጅና ለወጣት አይሰጥም፤ ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድሮም የሚባል ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ለእነሱ የሚሻለው በክብደታቸው የተለካ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ነው፤ አብሮት በሚመጣው መለኪያ እንጂ በቤት ማንኪያ አትለኩ።

ምራቁን መዋጥ አቅቶት ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ወደ ፊት አዘንብሎ ቁጭ የሚል፣ ሲተነፍስ ድምፅ የሚያሰማ ልጅ ካያችሁ ሽሮፑንም ተዉት። ጉሮሮውን ለማየት ማንኪያ አፉ ውስጥ አታስገቡ፣ በጀርባውም አታስተኙት። እንደተቀመጠ ይዛችሁት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።