ደሴና ኮምቦልቻ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለምትፈልጉ ሁሉ

ይህን የምጽፈው አንዲት ልጅ ለማመስገን ነው። እናንተም እንድታውቋት ነው።

ታናሽ ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው። በልጅነቱ ማጅራት ገትር ይዞት በፈጣሪ ቸርነት ተረፈ፤ ጆሮው ግን አልተመለሰም። እስክስታ ነፍሱ ነው። ሳይሰማ እንዴት እንዳትሉኝ፤ ከበሮ በእግርም ይሰማል። ባለፈው ኅዳር፣ በአካል ጉዳተኞች ቀን ሰሞን፣ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ራሳቸው ያሰናዱት የኪነ ጥበብ ዝግጅት እዚህ ደሴ ነበር። ከሐይቅም ከኮምቦልቻም የመጡ ነበሩ። አንዱ ማሲንቆ ይጫወታል፣ አንዷ ግጥም ታነባለች፣ የእኔው ደግሞ ከአራት ጓደኞቹ ጋር እስክስታ ይወርዳል።

ለእኔ የደረሰኝ ሥራ አስተርጓሚ መፈለግ ነበር። ከዚህ በፊት በአንድ መድረክ ያየሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። አስተርጓሚውን ከድምፅ ማጉያው ጀርባ፣ መብራት በሌለበት አቆሙት። ወንድሜ አንገቱን ሲያሰግግ ዋለና ምንም ሳይገባው ወደ ቤት ተመለሰ። ያ እንዳይደገም ያላጠያየቅሁት ሰው የለም። በመጨረሻ ኮምቦልቻ የምትኖር አንዲት ልጅ አገኘሁ። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለለመነችኝ አልጽፈውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፤ እሷም የተማረችው እዚያ ነው።

ስደውልላት በቅድሚያ የጠየቀችኝ ስለ ክፍያ አልነበረም። «ግጥሞቹን በጽሑፍ ላኪልኝ» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ዘፋኙን ማግኘት አለብኝ»።

ወሎ ነዋ! ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉ ሲዜም ሰምና ወርቅ አይጠፋውም። ከግጥሞቹ አንዱ የቦርከናን ምንጭ ያነሳል። «ዓይን» የሚለው ቃል የውሃውንም ዓይን፣ የአፍቃሪውንም ዓይን ነው የሚለው። አንዱን ብቻ በምልክት ብታሳይ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ቀን ከዘፋኙ ጋር ተቀምጣ እያንዳንዱን ስንኝ ጠየቀችው። መድረክ ላይ ያደረገችውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጣቶቿ ከመሬት ውሃ አፈለቁ፤ ውሃው ቁልቁል ወረደ። ከዚያ ያንኑ የእጅ እንቅስቃሴ ሳትቀይር ወደ ዓይኗ አነሳችው። ምንጩ እንባ ሆነ። ከፊት የተቀመጡት መስማት የተሳናቸው ልጆች እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አርገበገቡ፤ ጭብጨባቸው እንዲህ ነው። ወርቁ ከእኛ ቀድሞ የገባው ለእነሱ ነበር።

ሥራዋን አሳምራ ታውቃለች። ጥለት የሌለው ጥቁር ልብስ ነው የለበሰችው፣ እጇ ጎልቶ እንዲታይ። ቀለበቷንም አውልቃለች። ለትዝታው የመድረኩ መብራት ሲደበዝዝ የእሷ እንዳይጠፋ ከባለሙያው ጋር ቀድማ ተነጋገረች። የመድረክ መሪውን ደግሞ «ዲዳ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ለብቻው ጠርታ በትህትና ነገረችው። ባልደረባዋንም ይዛ መጥታ በየ20 ደቂቃው ይቀያየሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር የሁለት ሰው ክፍያ ሲባል መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ግን አንድ ሰው እየሰማ፣ እየተረጎመ፣ እጁን እያንቀሳቀሰ ሦስት ሰዓት አይዘልቅም። አእምሮ ይዝላል፣ ከዚያ ቃል ይዘለላል።

ከሁሉ የነካኝ የልምምዱ ቀን ነው። ከበሮ መቺው ከበሮውን አንገቱ ላይ አንግቶት ነበር። እሷ ልጆቹን «ምን ቢደረግላችሁ ደስ ይላችኋል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ከበሮው ጣውላው ወለል ላይ ይቀመጥልን» አሉ። ጫማቸውንም አወለቁ። የመጀመሪያው ምት እግሩ ላይ ሲደርስ የወንድሜን ፊት ማየት ነበረባችሁ። እስከዚያ ቀን ማናችንም ጠይቀናቸው አናውቅም። እኔ እህቱ እንኳን።

ዝግጅቱ ሲያልቅ እማዬ ልታመሰግናት ሄደች። እቤት የምንግባባው ራሳችን በፈጠርነው ምልክት ነው፤ ብላ፣ ና፣ ተኛ፣ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ያን ምሽት ወንድሜ በአስተርጓሚዋ በኩል ለእማዬ አንድ ነገር ነገራት። «ስትጠሪኝ ከኋላ ትከሻዬን አትምቺኝ፣ እደነግጣለሁ። መብራቱን አጥፍተሽ አብሪልኝ።» እማዬ ዝም አለች። ቆይታ «ይህን ሁሉ ዓመት ሳስደነግጠው ኖሬያለሁ?» አለች። ልጅቷም ቁጭ ብላ ስሙን በጣት መጻፍ አስተማረቻት። በጣት ፊደል እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርፅ አለው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ እያለ እስከ ሳብዕ የሚለየው በእጁ እንቅስቃሴ ነው። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ አሁን የልጇን ስም በጣቷ ትጽፋለች። «አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ ልጄ» ብላ መርቃታለች። ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር ዱዓ ይደረግላታል።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለውን አናጢም ሳላመሰግን አላልፍም። ማሲንቆ ተጫዋቹ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው፤ መድረኩ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ አራት ደረጃ አለው። የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። መድረኩ ጋ ስትደርሱ ግን ሰው ተሸክሞ ማውጣት ነው የተለመደው። አናጢው መጀመሪያ 2 ሜትር መወጣጫ ሠራ። ተጫዋቹ አይቶት «ይህ ገደል ነው» አለው። ለ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ነው የሚያስፈልገው። ሰውየው ሳያኮርፍ 7 ሜትር ከ20 አድርጎ፣ መሐል ላይ አጥፎ፣ እንደገና ሠራው። ለሁለተኛው የእጅ ዋጋ አልተቀበለንም።

አስተርጓሚዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄያት አገናኛችኋለሁ። ሠርግም፣ ስብሰባም፣ የሐኪም ቀጠሮም ትሠራለች። ጽሑፍ ካላችሁ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ላኩላት፤ ፕሮግራሙ ረጅም ከሆነ የሁለት ሰው ክፍያ ያዙ። መወጣጫው እዚያው አናጢው ሱቅ ተቀምጧል። ዝግጅት ያለው ሁሉ በነፃ መዋስ ይችላል፤ ተፈታትቶ ስለሚጫን አንድ አይሱዙ ይበቃዋል።