ባለ 5.1 ስፒከር እና ሳውንድ ካርድ፦ ብራችሁን የቱ ላይ ታውሉታላችሁ?

«ሰራውንድ ስፒከር ልገዛ ነው፤ ሳውንድ ካርዱን የትኛውን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። ባለ 5.1 ሰራውንድ ማለት በዙሪያችሁ የሚቀመጡ አምስት ስፒከሮችና አንድ ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) ነው፤ ሳውንድ ካርድ ደግሞ ድምፁን ከኮምፒውተሩ ወደ ስፒከሮቹ የሚያወጣው ክፍል ነው። ዴስክቶፕ ላለው ሰው መልሱ አጭር ነው፦ ካርዱን ተዉት፣ ብሩን ስፒከሩ ላይ ጨምሩት። ኮምፒውተሩን አዙራችሁ ከኋላ ያሉትን የድምፅ ቀዳዳዎች ቁጠሩ። ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ ካያችሁ ባለ 5.1 ሳውንድ ካርድ አላችሁ ማለት ነው። ርካሽ ማዘርቦርዶች (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የሚገኘው ሪልቴክ ኤኤልሲ 662 የሚባል የድምፅ ቺፕ እንኳ ስድስት ቻናል፣ ማለትም ለየስፒከሩ የተለየ ድምፅ ያወጣል። በሪልቴክ ፕሮግራም ውስጥ 5.1 ስትመርጡ አረንጓዴው ለፊተኞቹ፣ ሰማያዊው ለኋለኞቹ፣ ሮዙ ደግሞ ለመሀለኛውና ለቤዙ ይሆናል። የምታጡት የኋላውን የማይክ ቀዳዳና ሰማያዊውን የድምፅ መግቢያ ብቻ ነው፤ ማይኩን ከኬዙ ፊት ትሰኩታላችሁ።

ስለ ዋጋ ስንነጋገር ብር አያዋጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ የብር ዋጋ ቶሎ ያረጃል። በዶላር አስቡትና ነጋዴው የጠራላችሁን በዕለቱ ምንዛሪ አካፍሉት። ሎጂቴክ ዜድ 506 የሚባለው ባለ 5.1 ስፒከር አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 99.99 ዶላር ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ዜድ 906 ደግሞ 399.99። ሳውንድ ብላስተር ዜድ የሚባለው የክሬቲቭ ካርድ ሲወጣ ብቻውን 99.99 ዶላር ነበር። ይህን ልብ በሉ፦ አንድ ካርድ፣ አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር የሚገዛ ገንዘብ ይበላል። የክሬቲቭ ኦዲጂ ኤፍኤክስና የአሱስ ዞናር ኤስኢ የሚባሉት ካርዶች የዚያ ግማሽ ገደማ ነበሩ። መርካቶም ቦሌም ብትሄዱ ቁጥሩ ይንር እንጂ በመካከላቸው ያለው ርቀት ያው ነው ብላችሁ ተከራከሩ። ዜድ 506ን የሚጠራላችሁ ሰው ለዜድ 906 ከሚጠራው ከሩብ ብዙ ካለፈ አንዱን አስወድዶባችኋል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ኦፕቲካል ገመድ (ድምፁን በብርሃን የሚያስተላልፍ) ላይ ነው። «አንድ ቀጭን ገመድ ስድስቱንም ይዞ ይሄዳል» ይባላል፤ እውነቱ ግማሽ ነው። ኦፕቲካል ያልታመቀ ድምፅ ሁለት ቻናል ብቻ ይሸከማል። 5.1 የሚያልፈው ዶልቢ ዲጂታል ወይም ዲቲኤስ በሚባሉት የማመቂያ ዘዴዎች ከታመቀ ነው። ፊልሙ እንዲህ ያለ ድምፅ ካለው፣ ቪኤልሲ የሚባለው የፊልም ማጫወቻ ላይ ማለፊያውን (ድምፁ ሳይፈታ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ምርጫ) ከፍታችሁ ወደ ዜድ 906 ትልኩታላችሁ፤ እሱ ይፈታዋል። ጌም ግን ድምፁን የሚሠራው እዚያው እየተጫወታችሁ ስለሆነ የታመቀ ነገር የለውም፤ ድምፁን እዚያው የሚያምቀው ዶልቢ ዲጂታል ላይቭ ወይም ዲቲኤስ ኮኔክት ያለው ካርድ ከሌላችሁ የምትሰሙት ተራ ስቴሪዮ ነው። ሳውንድ ብላስተር ዜድ ሁለቱም አሉት። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት፦ ሦስት ርካሽ የጃክ ገመድ (ጫፉ እንደ ጆሮ ማዳመጫ የሆነ) የሚሠራውን ሥራ ለማሠራት 400 ዶላር ስፒከር ላይ፣ 100 ዶላር ደግሞ ካርድ ላይ። ዜድ 906 ራሱ ሦስቱን የጃክ መግቢያ ይዞ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ አራት በአራት ሜትር ለሆነ ክፍል ምርጫው ዜድ 506 ነው። 75 ዋት እውነተኛ ዋት ነው፤ 27ቱ ለቤዙ፣ 16ቱ ለመሀለኛው፣ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው 8። ዜድ 906 500 ዋት ስለሆነ ለሰፊ ሳሎን፣ ቲቪና ኮምፒውተር ለሚጋሩት ሰው ተገቢ ነው። በጥገና በኩልም አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፦ ስፒከሮቹ የሚያያዙት በተላጠ ሽቦ፣ በስፕሪንግ መቆንጠጫ ነው። ገመዱ አጠረ ብሎ መጨነቅ የለም፤ ተራ ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ገዝቶ ማርዘም ነው። ያገለገለ ስትገዙ ግን መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ከነገመዱ መኖሩን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ያለሱ አይበራም። «ሪሞቱ ጠፍቶ ነው እንጂ ይሠራል» የሚል ሻጭ አብርቶ ያሳያችሁ።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ 5.1 ተብሎ ከሚሸጠው ስቴሪዮ ነው። ካርቶኑ ላይ አምስት ስፒከር አለ፣ ሰብዉፈሩ መብራት ያበራል፣ ዋጋው ከኦርጅናሉ ግማሽ ነው። ከኋላ አዙራችሁ እዩት። ቀይና ነጭ፣ ሁለት የአርሲኤ (እንደ ዲቪዲ ማጫወቻ ያለ ክብ) መግቢያ ብቻ ካለው 5.1 አይደለም። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፒቲ 2323 የሚባል ቺፕ ሁለቱን ቻናል ወስዶ ለአምስቱ ይበትነዋል፤ ጌም ላይ ከኋላችሁ የሚመጣ ሰው ኮቴው ከፊትም ከኋላም ይሰማል። የምትፈልጉት ሦስት የጃክ መግቢያ ወይም ስድስት የአርሲኤ መግቢያ ያለው ነው። ስድስት አርሲኤ ከሆነ፣ ከጃክ ወደ ሁለት አርሲኤ የሚሄድ ገመድ ሦስት ፍሬ ስለሚያስፈልግ እሱን ዋጋው ውስጥ አስገቡት።

ስድስት ቀዳዳ ስላለውም አትመኑ፤ ሱቁ ውስጥ ፈትሹት። ስልካችሁንና አንድ የጃክ ገመድ ብቻ ያዙ፤ መግቢያው አርሲኤ ከሆነ ከጃክ ወደ ሁለት አርሲኤ የሚሄደውን። ድምፁን የሚበትን ቁልፍ ካለው አጥፉት። ከስልኩ ዘፈን ክፈቱና ገመዱን የኋላዎቹ መግቢያ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሩ ላይ፣ ሰኩት። ከሰብዉፈሩ ትንሽ ቤዝ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያ ውጭ መዝፈን ያለባቸው ሁለቱ የኋላ ስፒከሮች ብቻ ናቸው። የፊቶቹም አብረው ከዘፈኑ ዕቃውን መልሱ። ቀጥሎ ብርቱካናማው ላይ ሰኩት፦ ዘፋኙ በመሀለኛው ስፒከር፣ ጉምጉምታው በሰብዉፈሩ መምጣት አለበት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የዋት ቁጥሩንም እንዲሁ። «10000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚለውን፣ ለማስታወቂያ የተጋነነ ቁጥር ስለሆነ፣ እለፉት፤ ከሰብዉፈሩ ጀርባ ያለውን የኤሌክትሪክ ጽሑፍ አንብቡ። 220 ቮልት፣ 60 ዋት ካለ፣ ከሶኬት 60 ዋት ወስዶ 500 ዋት የሚሰጥ ማሽን በዓለም ላይ የለም። ሰብዉፈሩን ብድግ አድርጉት፤ ትራንስፎርመር ያለው ዕቃ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል።

ላፕቶፕ ያለው ሰው ግን ካርድ ያስፈልገዋል፤ አንድ ቀዳዳ ሦስት ሊሆን አይችልም። እዚህም ወጥመድ አለ። ፍላሽ የምታክለው፣ «7.1» የተጻፈባት፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫና አንድ የማይክ ቀዳዳ ያላት ስቴሪዮ ናት፤ 7.1ዱ በሶፍትዌር የሚመሰል ነው። ከፊት፣ ከኋላና ከመሀል የሚባሉ የተለያዩ መውጫዎች ያሉትን የዩኤስቢ ሳጥን ግዙ። በውስጣቸው ብዙ ጊዜ ሲኤም 6206 የሚባለው ቺፕ ነው ያለው፤ 16 ቢት፣ 48 ኪሎኸርትዝ። ለፊልምና ለጌም ይበቃል፣ ዊንዶውስም ድራይቨር ሳይጫን ያውቀዋል።

ለዴስክቶፕ ካርድ የሚያስፈልገው አንድ ምክንያት ሲኖር ነው፦ ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ስፒከሩ ውስጥ ጢዝዝ የሚል ድምፅ ሲኖር። መጀመሪያ ከኬዙ ፊት ሳይሆን ከኋላ መሰካታችሁን አረጋግጡ፣ ኮምፒውተሩንና ሰብዉፈሩንም በአንድ ዲቫይደር ላይ አድርጉ። ካልጠፋ ኦዲጂ ኤፍኤክስ ወይም ዞናር ኤስኢ፣ በዕለቱ የረከሰውን። ድምፁ ከጫጫታ ምን ያህል የጠራ እንደሆነ ወረቀት ላይ አንዱ 106፣ ሌላው 116 ዴሲቤል ይላል፤ በ75 ዋት ስፒከር ላይ ልዩነቱን ጆሮ አይለየውም። ሲኤምአይ 8738 የሚል ቺፕ ያለበትን ካርድ በነፃም ቢሆን አትውሰዱ። ብዙዎቹ የሚገቡት አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ በሌለው በድሮው ረጅም የፒሲአይ ቀዳዳ ነው፣ ድራይቨራቸውም አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ያስቸግራል።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ «ስፒከር አምጣልኝ» የምትሉ ደግሞ እባካችሁ ቆዩ። እዚያ የሚሸጠው ዜድ 906 ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 አይቀበልም። እዚህ 220 ላይ በሰካችሁት ቅጽበት ፊውዙ፣ ባስ ሲል ትራንስፎርመሩ ይሄዳል። ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትልቅ ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፤ እሱም ዋጋ ነው፣ ክብደትም ነው። ከዱባይ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል የሚመጣው 230 ቮልት ስለሆነ ያለ ችግር ይሠራል፤ የዱባዩ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስፒና ስለሆነ አዳፕተር ብቻ ይፈልጋል። ካርድ ከሆነ ከየትም ይምጣ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከማዘርቦርዱ ነው።

እነዚህን ስፒከሮች በብዛት የሚገድላቸው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀው የፍሪጅ መከላከያ ለሰብዉፈሩም ይሆናል። የኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ግን አትሰኩት፤ ርካሾቹ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡት ኃይል ትራንስፎርመሩን ያስጮኸዋል፣ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል። ከተቃጠለ፣ ጥገና ቤት ስትወስዱት የፊውዙን ቦታ በሽቦ እንዳያገናኙት አስጠንቅቁ። ለጊዜው ይሠራል፤ በሚቀጥለው ከፍተኛ ቮልት የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ይሆናል፣ እሱን ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ርካሾቹ ስፒከሮች ውስጥ ያለው ቲዲኤ 2030፣ ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ፣ በየሱቁ ይገኛል፤ ፎርጅዱ ብዙ ስለሆነ የተቀየረው በሳምንቱ መልሶ ከሞተ ጥፋቱ የጠጋኙ ላይሆን ይችላል። ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ግን ክፍሉን አታስቀይሩ፤ ኮንታክት ክሊነር ነፍታችሁ ሃያ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዙሩት።

ቤት ወስዳችሁ ስታገናኙ ዊንዶውስ ውስጥ ሳውንድ፣ ፕሌይባክ፣ ኮንፊገር ገብታችሁ 5.1 ምረጡና ቴስት የሚለውን ተጫኑ። ተናጋሪው በሰብዉፈሩ፣ ቤዙ በመሀለኛው ስፒከር ከመጣ አልተበላሸም፤ በአንዱ ጃክ የሚያልፉት ሁለት ቻናሎች ተገላብጠው ነው። ሪልቴክ ውስጥ መሀለኛውንና ሰብዉፈሩን ቀይር የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ።