የጅረት ውሃ ለመለካት፦ የፒኤች ብዕር ወይስ የአልካሊኒቲ ኪት?

«የቱን ልግዛ?» እያሉ በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጓደኞቼ ጠይቀውኛል። ሁሉም እንደኔ ቨርጂኒያ ነዋሪ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እየሄዱ የአሲድ ዝናብ ጅረቶቹን ምን እንዳደረጋቸው ማየት ይፈልጋሉ። ብዕሩ ጫፉን ውሃ ውስጥ ነክረው አሲድነቱን (ፒኤቹን) በቁጥር የሚያነቡበት ነው፤ ኪቱ ደግሞ የውሃው ቀለም እስኪቀየር አሲድ እያንጠባጠቡ የሚለኩበት። እኔ ኪቱን ግዙ ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የገዛሁት የ13 ዶላር ቢጫ ብዕር ነበር። ኦርጅናሉን ቁጭ ያለ ኮፒ! ቤት ውስጥ ባፈሩ (ፒኤቹ የታወቀ መፈተሻ ፈሳሽ) ላይ ልክ 7 አለልኝ። ጅረት ውስጥ ስነክረው 6.1፣ ከዚያ 5.7፣ ከዚያ 6.4። የተራራ ውሃ የሟሟ ጨው ስለሚያንሰው ደህና ብዕርም ቢሆን እስኪረጋ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። የኔው ጭራሽ አልረጋም። ሁለተኛውን በ15 ዶላር ገዛሁ። ጫፉን ንጹህ እንዲሆን ብዬ የተጣራ ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ በሁለት ወሩ ሞተ። ለካ የሚፈልገው የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ነው። ጫፉ የሚቀየርለት ብዕር ወደ 100 ዶላር ይጠጋል። ባፈር 4 እና 7 ጨምሩበት። ጫፉም በዓመት በሁለት ዓመቱ ሌላ ወጪ ነው። እስቲ ደምሩት።

ኪቱ 35 ዶላር ወጣብኝ። ባትሪ አይፈልግ፣ ጫፉ አይደርቅ። ደግሞ ፒኤች የሚነግራችሁ የዛሬን ነው። ነገ ከባድ ዝናብ ሲጥል ወይም በረዶ ሲቀልጥ ጅረቱ ይቻለው እንደሆነ የምታውቁት በአልካሊኒቲው፣ ማለትም አሲድ በማርከስ አቅሙ ነው። እዚያው ሸናንዶዋ ፓይኒ ሪቨር የሚባለው ጅረት አሲድ በሚያረክስ አለት፣ በባዛልት ላይ ስለሚፈስ ይችለዋል። ፔይን ራን የሚባለው ግን አለቱ የአሸዋ ድንጋይ ዓይነት ስለሆነ አቅሙ ትንሽ ነው። ዝናቡ ተመሳሳይ፣ ውሃው ሌላ።

የዓሣ ገንዳ ኪት ግን እንዳትገዙ! 10 ዶላር ስለሆነ ያጓጓል። በእሱ አንዷ ጠብታ በሊትር ወደ 18 ሚሊግራም ትቆጠራለች። ለአሲድ የተጋለጠ ጅረት ደግሞ ያለው በሙሉ በሊትር 2.5 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። በመጀመሪያዋ ጠብታ ቀለሙ ይቀየራል፣ አለቀ። በሲሪንጅ የሚንጠባጠበውን፣ ለዝቅተኛ መጠን የተሠራውን ምረጡ። ውሃውን አራት እጥፍ ወስዳችሁ ውጤቱን ለአራት ብታካፍሉ ይበልጥ ይጠራል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀንም እዩ። ለኔ አንዴ ጊዜው ያለፈበት ተልኮልኝ፣ ለመመለሻ 6 ዶላር ከኪሴ ከፍያለሁ።