የታርታን መንደፊያ ድረ ገጾች፦ በቀለም ሚዛን ላይ ምን ያህል ይታመናሉ?

የራስን ታርታን፣ ማለትም በስኮትላንድ የሚታወቀውን ባለ ቀለም መስመሮች የሚቆራረጡበት ጨርቅ፣ ለመንደፍ አሁን ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። በብሮውዘር የሚከፈቱ ነጻ መንደፊያዎች አሉ፤ የቀለሙን ስምና የክሩን ብዛት ሲያስገቡላቸው ጨርቁን ወዲያው ይስላሉ። ንድፍ ለመሞከር እንደነሱ የሚመች የለም። ቀለም ማመዛዘን ላይ ሲደረስ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

ይህን እናስገባ፦ ሰማያዊ 32፣ ጥቁር 4፣ ሰማያዊ 4፣ ጥቁር 4፣ አረንጓዴ 28፣ ነጭ 4። የመጀመሪያውና የመጨረሻው መመለሻዎች ናቸው፤ ንድፉ እዚያ ደርሶ ወደ ኋላ ይዞራል። ስለዚህ እነሱ አንድ ጊዜ፣ መካከል ያሉት ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ፤ ሙሉው ድግግሞሽ 116 ክር ነው። ያስገቡትን ቁጥር እንዳለ የሚደምር መንደፊያ ሰማያዊው 36፣ አረንጓዴው 28 ነው ይላል። ጨርቁ ላይ ግን አረንጓዴው 56፣ ሰማያዊው 40 ነው። መንደፊያ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚፈትኑት ይህንን ይሁን።

ዋናው ጣጣ የድሩና የማጉ ቀለም ሲሻገሩ በሚፈጥሩት ድብልቅ ላይ ነው። ድሩም ማጉም በአንድ ቅደም ተከተል ስለሚሄዱ በዚህ ንድፍ አረንጓዴ ከአረንጓዴ የሚገጥመው በጨርቁ 23 በመቶ ላይ ብቻ ነው፤ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚደባለቁበት ደግሞ 33 በመቶ ይይዛል። ማንም ያልመረጠው ቀለም ከተመረጡት ይበልጣል ማለት ነው። አራት ቀለም ያስገባ ሰው ከነድብልቆቹ የሚያመዛዝነው አሥር ነው፣ ስድስት ያስገባ 21። ቀይና አረንጓዴ በሰፊው ከተገናኙ ድብልቁ ቡናማ ይመታል፤ ሲብስም ጭቃ ይመስላል። መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን ማጥበብ ወይም ማጥቆር ነው። በመካከላቸው ጥቁር መስመር ማስገባት ጠርዙን ይለያል እንጂ ድብልቁን አያጠፋም።

ድብልቁን እንደ አንድ ወጥ ቀለም የሚቀባ መንደፊያ አይመከርም። ሰያፉን ሽመና የሚያሳይ፣ ማለትም ማጉ በሁለት ድር ላይ ወጥቶ በሁለት ድር ሥር ሲያልፍ ክር በክር የሚስል ይሻላል። ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው ይዩት፤ አረንጓዴውና ሰማያዊው እኩል ግራጫ ከሆኑ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ።

ነጭና ቢጫ በትንሹ ይበቃሉ። እዚህ ነጩ ከክሩ 3 በመቶ ብቻ ቢሆንም ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር 2 ወይም 4 ቢጨመርለት ደግሞ ይበልጥ ጥርት ይላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው መጠኑን ነው። በኢንች 40 ክር ከተሸመነ 116 ክር 3 ኢንች እንኳ አይሞላም፤ ለክራቫት ይሆናል፣ ከ5 እስከ 7 ኢንች ለሚለመድበት ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች ሽንሽን ቀሚስ) ግን ያንሳል። ሁሉን በሁለት ማባዛት ነጩን 8 አድርጎ ያደነድነዋል። ነጩን 4 ላይ ትቶ ሌላውን ብቻ ማባዛት 228 ክር፣ 5.7 ኢንች ይሰጣል። የኢንቹን ክር የማይጠይቅ መንደፊያ ይህን ሊያሳይዎት አይችልም።

የስክሪን ቀለም የክር ቀለም አይደለም። ከሸማኔው ፋብሪካ የክር ናሙና ካርድ ይጠይቁ፤ ብዙ ሜትር ከማዘዝ በፊትም ቢያንስ አንድ ሙሉ ድግግሞሽ ያስሸምኑ። የስኮትላንድ ልማድ ያንኑ ታርታን «ዘመናዊ» በሚባለው ደማቅም ሆነ «ጥንታዊ» በሚባለው ፈዘዝ ያለ ቀለም መሸመንን ይፈቅዳል፣ ታርታኑም ያው ይባላል። ሚዛኑ ግን ያው አይደለም፦ አረንጓዴውና ሰማያዊው ሲፈዝዙ ጥቁሩ ባለበት ስለሚቀር ጎልቶ ይወጣል። ሁለቱንም የቀለም ስብስብ በአንድ ጠቅታ የሚያቀያይር መንደፊያ ካገኙ እሱን ይያዙ።

ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው የስኮትላንድ የታርታን መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ ይፈተሻል። ንድፉ ከተመዘገበ ታርታን ጋር እንዳይጋጭ ክር ከማዘዝ በፊት እዚያ ይፈልጉ።