ሸክላ፣ አሉሚኒየም፣ ስቴንለስ ወይስ ፕሬዠር? ለደሴ ማጀት የሚሆነው ድስት

እህቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። አንድ ጆንያ ሽምብራ ገዝተን ተካፈልን። እሷ ጋ ንፍሮው ቶሎ ይበስላል። እኔ ጋ ደሴ ግን ከሰሉ አልቆም ፍሬው ጥርስ ይሰብራል። ሽምብራው አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ዳገቱ ነው።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው ለባሕር ዳርቻ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚጫነን አየር እየሳሳ ይሄዳል፣ ውሃውም በደንብ ሳይግል ይፈላል። ኮምቦልቻ በ94 ገደማ፣ ደሴ በ92 ገደማ። እሳት ብትጨምሩ ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም።

ስለዚህ ለጥራጥሬና ለጠንካራ ሥጋ አልከራከርም፦ ፕሬዠር ኩከር ግዙ። እንፋሎቱን አፍኖ ውስጡን 115 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣችሁ አሰብ ካለ ሰው በፍጥነት ቀቀላችሁ ማለት ነው። ስትገዙ ከድስቱ ማማር በፊት የክዳኑን ጎማ እዩ። መቀየሪያው ለብቻው የማይገኝ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ጎማው የደረቀ ፕሬዠር ተራ ድስት ነው። ጥራጥሬ ስትቀቅሉ ደግሞ ከነውሃው ከግማሽ አይለፍ፤ አረፋው የእንፋሎት መውጫ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

አሉሚኒየም ርካሽና ቀላል ነው፣ ሙቀት ያዳርሳል፣ ቁሌት ያምርበታል። ጠባዩን ግን እወቁት። ውሃ ደጋግሞ ሲፈላበት ውስጡ ይጠቁራል። አንድ ቀን የቲማቲም ስልስ ሠርቼበት አሳደርኩ። ጠዋት ሳጥበው ስልሱ የነካው ድረስ እንደ አዲስ አብለጭልጮ፣ ከዚያ በላይ እንደጠቆረ ቀርቷል። በሽቦ የፈተገው የለም። የቲማቲሙ አሲድ ነው ጥቁሩን ሽፋን የላጠው። የተላጠው የት ገባ? ስልሱ ውስጥ። ሲቀመስ ብረት ብረት ይል የነበረውም ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ በመብላት ማንም አይታመምም፤ ግን ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ወጥ አታሳድሩበት። ከየትም ተሰብስቦ ከቀለጠ ቁርጥራጭ የተሠራውን ግን ጨርሶ አልገዛም፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።

ስቴንለስ አሲድ አይነካውም። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተዋህዶ የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ቢጫርም ሽፋኑ ራሱን ይተካል። ድክመቱ ሙቀት አለማዳረሱ ነው፤ ከአሉሚኒየም 15 እጥፍ ገደማ ያንሳል። ሥሩ ስስ ከሆነ ሽንኩርቱ መሃል ላይ ያራል፣ ዳር ላይ ጥሬ ነው። ወፍራም ሥር ያለውን ምረጡ። እኔ ከአሮጌ ስፒከር የወጣች ማግኔት ኪሴ ይዤ ነው ፒያሳ የምወርደው። ሻጮቹ ይስቁብኛል። ማግኔቷ የድስቱን ጎን ጥብቅ አድርጋ ከያዘች ብዙውን ጊዜ ኒኬል የሌለበት ነው፤ ጨው ሲበዛበት ዝገት ይደፍረዋል። ሥሩን ብትይዝ ግን ችግር የለም፤ በማግኔት ኃይል ድስቱን ለሚያግለው ኢንዳክሽን ምድጃ ሲባል ሥሩ ሆን ተብሎ ማግኔት እንዲይዘው የሚሠራ አለ።

ሸክላን ለተጋቢኖ የሚተካ የለም። ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ ከእሳት ወርዶም ገበታ ላይ ይንተከተካል። በደሴ ብርድ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ለንፍሮ ግን ከሰል ይጨርስባችኋል። ሰኞ ገበያ ስትገዙ በጣታችሁ አንኳኩት፦ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ድፍን ካለ ስንጥቅ አለበት። ቤት ሲደርስ ዘይት ተቀብቶ በለስላሳ እሳት ይሟሽ፤ ዘይቱ በሙቀት ጠንክሮ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ግሎ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሳችሁበት ግን በማግስቱ ተመልሳችሁ ሰኞ ገበያ ናችሁ።